ሳያቋርጡ መጸለይን ከሩቅ ስለ መማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ብፁዕ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክት፥ በምዕራፍ 5 በቍጥር 17፥ ሳያቋርጡ መጸለይን ያዝዛል። በዚህ ቃል ላይ ሊቃውንት ብዙ ሐትተዋል። የጸሎትን ጊዜያት ሳያስታጕሉ መጠበቅ ነው ያሉ አሉ፤ አንድም የእጅን ሥራ ሁሉ ለእግዚአብሔር ብሎ መሥራት ጸሎት ሆኖ ይቈጠራል ያሉ አሉ፤ አንድም ከንፈር ዝም ባለ ጊዜ ልብ የማይተወው፥ ሰው ሲበላም ሲሄድም በውስጡ የሚኖር ጸሎት ነው ያሉ አሉ። የዚህች ጽሑፍ ነገር በሦስተኛው ትርጓሜ ላይ ነው።

ነገር ግን ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ከመመርመር አስቀድሞ በምን መንገድ እንደ መጣ ማየት ይገባል፤ ብዙ አንባቢ ይህን አልፎት ይሄዳልና። ትእዛዙ የመጣው በደብዳቤ ነው። ጳውሎስ በተሰሎንቄ ጥቂት ጊዜ ብቻ አስተምሮ በስደት ወጥቶ ነበር፤ ከጌታ ልደት በኋላ በ50 ዓመት ገደማ በቆሮንቶስ ሳለ ጻፈላቸው። ሊያያቸው አንድ ጊዜም ሁለት ጊዜም ፈልጎ ሰይጣን እንደ ከለከለው ራሱ በምዕራፍ 2 ይናገራል። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረገ፤ አስቀድሞ ጢሞቴዎስን ላከ፥ ኋላም ክርታሱን ላከ፤ ክርታሱም በወንድሞች ሁሉ ፊት እንዲነበብ አማላቸው። እንግዲህ የማያቋርጥ ጸሎት ትእዛዝ መምህሩ በሌለበት፥ በሌላ ሰው አፍ ተነቦ የደረሰ ትእዛዝ ነው። ሆኖም ያው ጳውሎስ በዚያው ክርታስ በምዕራፍ 3 ፊታቸውን አይቶ ለእምነታቸው የጎደለውን ይሞላ ዘንድ ሌሊትና ቀን እንደሚለምን ይጽፋል። ክርታሱ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልለመነ ነበር፤ ክርታሱ ከንቱ ቢሆን ኖሮም ባልጻፈው ነበር።

ክቡራን አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የመጻሕፍት ክርክር አይደለም። በንስሓ የምጠብቃት አንዲት ልጅ እንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር፥ ወደ ቀጠር ሄዳ በሰው ቤት ታገለግላለች። ከቤቱ ለመውጣት ፈቃድ የምታገኘው በጭንቅ ስለ ሆነ ቅዳሴ ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ከዕለታት አንድ ቀን በስልክ ድምፅዋን ቀርጻ ላከችልኝ። ነገሩም እንዲህ ነበር፤ የጽሞናን ጸሎት በኢንተርኔት የሚያስተምሩ ሰዎች አግኝታ ተመዝግባለች፤ ትምህርቱ ስምንት ሳምንት ነው፤ በየሳምንቱ የመምህሩ ድምፅና አንድ ጽሑፍ ይደርሳታል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ናትና እንግሊዝኛውን ትሰማዋለች። የቤቱ ሰዎች ከተኙ በኋላ፥ በማድቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍልዋ፥ ሃያ ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ አንዲት ቅድስት ቃል መርጣ ትይዛለች፤ ሐሳብ ሲመጣ ከሐሳቡ ጋር ሳትከራከር ቀስ ብላ ወደ ቃሊቱ ትመለሳለች። የጠየቀችኝም ሁለት ነገር ነው። አባቴ፥ ይህ ከሃይማኖታችን ውጭ ነውን? ደግሞስ ድካሙ ሲበዛብኝ ዳዊቱን ትቼ ይህን ብቻ ብይዝ ኀጢአት ይሆንብኛልን?

እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ ተቈጣሁ። ጸሎትን በስልክ መማር ምን ዓይነት ነገር ነው አልሁና መልስ ሳልሰጣት ተውሁት። መልእክትዋ የደረሰኝ በጾመ ፍልሰታ ነበር፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል ሳልመልስላት ቈየሁ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። እኔ በጉባኤ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ፥ ለምኖ በልቶ፥ የመምህሩን ፊት እያዩ ካልሆነ በቀር ትምህርት አለ ብዬ አላስብም ነበር። በዚያ ወራት ግን ለሌላ ነገር ብዬ የጋዛን አረጋውያን ታሪክ አነበብሁና አፈርሁ። ስለምን እንዳፈርሁ ከዚህ በታች ይገኛል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የልብ ጸሎት ትምህርት ከመጀመሪያው በአረጋዊና በደቀ መዝሙር መካከል የሚሄድ ነበር። አባታችን እንጦንስ በ356 ያረፈው፥ ምናኔን በጀመረ ጊዜ በአቅራቢያው ባለች መንደር የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነበረ፤ ወደ እርሱ ሄዶ ተማረ፤ ኋላም በየቦታው ያሉትን ተጋዳዮች እየዞረ ከአንዱ ትዕግሥትን፥ ከሌላው ትጋትን ይቀስም ነበር። በአስቄጥስ በረሓ ልማዱ የታወቀ ነው፤ ወንድም ወደ አረጋዊ ሄዶ ቃል ይለምናል፤ አረጋዊውም እንደ ሰውዬው መጠን አንዲት ቃል ይሰጠዋል፤ ያም ወንድም ቃሊቱን ይዞ ዓመታት ይኖርባታል። የአገራችን ሰው ሙሴ ጸሊም ግን ቃል ሊለምነው የመጣውን ወንድም ወደ በዓቱ ሄዶ እንዲቀመጥ፥ በዓቱ ሁሉን እንደሚያስተምረው ነግሮ ሰደደው። ይህ ነገር ሊታሰብ ይገባዋል። አረጋዊው በፊቱ ቆሞ ሳለ እንኳ ተማሪውን ወደ ብቸኝነት የመለሰበት ጊዜ አለ።

ይህን የበረሓ ትምህርት ባሕር አሻግሮ የወሰደው ዮሐንስ ካስያን ነው። ከባልንጀራው ከጌርማኖስ ጋር ወደ ግብፅ ወርዶ አረጋውያንን ጠየቀ። በአስቄጥስ ይኖር የነበረ አባ ይስሐቅ የሚባል አረጋዊ የማያቋርጥ ጸሎት በምን እንደሚያዝ ነገራቸው፤ ይኸውም የመዝሙር 69ን መጀመሪያ፥ ሰው እግዚአብሔርን ለርዳታው እንዲፈጥን የሚለምንበትን ቃል፥ በመከራም በደስታም፥ በሥራም በመኝታም መደጋገም ነው። አረጋዊው ይህን ከጥቂት ቀደምት አበው የተቀበለው መሆኑንና በእውነት ለተጠሙ ብቻ የሚገለጥ መሆኑን አስታወቃቸው። ካስያን ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ420ዎቹ ዓመታት፥ በማርሴይ ተቀምጦ ነገሩን በላቲን ጻፈው፤ የጻፈላቸውም ግብፅን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የጋልያ ጳጳሳትና መነኮሳት ነበሩ። ለተጠሙ ብቻ የተባለው ነገር መጽሐፍ ሆነ፤ መጽሐፍም በሩን የሚያንኳኳውን ሰው መርጦ አይከፍትም። ካስያን በዚህ አጥፍቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ምዕራባውያን መነኮሳት ሁሉ ከመጽሐፉ እንደ ተማሩና የመዝሙሩም ቃል እስከ ዛሬ የሰዓታት ጸሎታቸው መክፈቻ እንደ ሆነ ይወቅ።

አሁን ወደ ጋዛ ታሪክ እንምጣ፤ በዚህ ላይ ጥቂት መዘግየት ያስፈልጋልና።

በስድስተኛው ምእት ዓመት በጋዛ አጠገብ፥ ታዋታ በምትባል ስፍራ፥ የአባ ሰሪዶስ ገዳም ነበረ። በዚያ በርሳኑፍዮስ የሚባል ግብፃዊ አረጋዊ በዓቱን ዘግቶ ይኖር ነበር። ከአበ ምኔቱ ከሰሪዶስ በቀር ፊቱን ያየ ሰው አልነበረም። ሌላም ዮሐንስ የሚባል አረጋዊ እንዲሁ ዘግቶ ይኖር ነበር፤ እርሱንም ነቢይ ይሉታል። የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ይጽፋል፤ ሰሪዶስ ወደ በዓቱ ይዞት ይገባል፤ አረጋዊው በቃሉ ይመልሳል፤ ሰሪዶስ መልሱን ጽፎ ያወጣል። ጠያቂዎቹ መነኮሳት ብቻ አልነበሩም፤ ጳጳሳት ነበሩ፥ ወታደሮች ነበሩ፥ ቤትና ንብረት ያላቸው ምእመናን ነበሩ። እንዲህ የተጻጻፉት 850 የሚያህሉ መልእክታት እስከ ዛሬ አሉ።

በመጀመሪያው መልእክት ጊዜ ሰሪዶስ ተጨነቀ። አረጋዊው ብዙ ቃል ነገረው፤ እርሱ ግን ክርታስና ቀለም አልያዘም ነበርና ሁሉን በልቡ ይዞ ሊጽፍ እንዴት እንደሚችል አሰበ። አረጋዊውም አሳቡን ዐውቆ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳይስት መንፈስ ቅዱስ እንደሚጠብቀው ነገረው። እነሆ በመምህሩና በተማሪው መካከል አንድ መካከለኛ ገባ፤ መካከለኛውም ራሱ ፈራ።

ከወንድሞችም መካከል የተጠራጠሩ ነበሩ። በርሳኑፍዮስ የሚባል ሰው ከቶ የለም፤ አበ ምኔቱ ከልቡ ፈጥሮ ስሙን ያነሣል እንጂ ተባለ። ፊቱ ያልታየ መምህር፥ ድምፁ ያልተሰማ መምህር፥ በጽሕፈት ብቻ የሚታወቅ መምህር፤ መጠርጠራቸው የሚያስደንቅ አይደለም። አረጋዊው ይህን በሰማ ጊዜ በመልእክት አልተከራከረም። ከበዓቱ ወጣ፥ የወንድሞችን እግር አጠበ፥ ወደ በዓቱም ተመለሰ። ዛሬ ከመስታወቱ በስተኋላ ማን እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ የዚያን ጊዜ የተሰጠውን መልስ ግን የሚሰጥ መምህር ይፈልጋል።

የጸሎቱስ ትምህርት ምን ነበር? ለብዙዎቹ የጌታን የኢየሱስን ስም እየጠሩ ምሕረትን መለመንን አዝዘዋል፤ በተለይም ክፉ ሐሳብ በሚነሣበት ጊዜ ከሐሳቡ ጋር ከመሟገት ስሙን መጥራት ለደካሞች የሚሻል መሆኑን ይናገራሉ። ስለ ሰዓታት ለጠየቀ አንድ ወንድም ደግሞ ሰዓታትና መዝሙር የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሆነው ሕዝብን በአንድነት ለማስማማት መልካም መሆናቸውን፥ በአስቄጥስ ያሉ ብቸኞች ግን በእጅ ሥራና በጥቂት በጥቂቱ በሚደረግ ጸሎት እንደሚኖሩ ተጽፎለታል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ዳዊቱን አጥፎ ሊያስቀምጥ ይችላል። ነገር ግን መልእክታቱን የሰበሰበው ሰው በመቅድሙ አስጠንቅቋል፤ መልሱ እንደ ጠያቂው መጠን የተሰጠ ነውና ለአንዱ የተጻፈው ለሁሉ ሕግ አይሆንም ብሏል። ለጤነኛው የተጻፈው ለበሽተኛው፥ ለሽማግሌው የተጻፈው ለልጁ አይደለም።

በሽተኛ ስል፥ እንድርያስ የሚባል በሕመም የተያዘ አረጋዊ መነኵሴ ነበረ። መጾም አልቻልሁም፥ አብሮኝ የሚኖረውም ወንድም ያስጨንቀኛል እያለ ደጋግሞ ይጽፍ ነበር። በርሳኑፍዮስ ሳይሰለች መለሰለት፤ ሕመሙን በምስጋና ቢቀበለው ስለ ጾሙ እንዳይጨነቅ አጽናናው፤ ደግሞም የኀጢአቱን እኩሌታ ከእርሱ ጋር ሊሸከም ቃል ገባለት። አይቶት የማያውቀውን ሰው፥ በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ሆኖ በጽሕፈት ብቻ የሚያውቀውን ሰው፥ ኀጢአቱን ሊሸከም ተዋሰው። እኔን ያሳፈረኝ ይህ ነው። ያች ልጅ ፊቴን ታውቀዋለች፥ ከቄስነቴ ጀምሮ ንስሓዋን ተቀብያለሁ፤ እኔ ግን ለሦስት ወር አንዲት ቃል አልላክሁላትም።

ሰሪዶስ በሞተ ጊዜ፥ በ543 ገደማ፥ በርሳኑፍዮስ ፈጽሞ ዝም አለ። ነቢዩ ዮሐንስም ዕረፍቱ እንደ ደረሰ አስታወቀ። በሰሪዶስ ፈንታ የተሾመው ኤልያኖስ ገና ከዓለም የመጣ ሰው ነበርና ገዳሙን እንዴት እንደሚመራ የሚጠይቅበት ሁለት ሳምንት ያህል እንዲጨምርለት አረጋዊውን በልቅሶ ለመነው፤ ዮሐንስም ሁለቱን ሳምንት ቈይቶ፥ ጥያቄውን ሁሉ መልሶ ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ የእኛን መጻሕፍት ማንሣት ይገባል። መጻሕፍተ መነኮሳት የምንላቸው ሦስቱ፥ ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፥ ሦስቱም ከሩቅ የመጡ መምህራን ናቸው። ማር ይስሐቅ በሰባተኛው ምእት ዓመት የነበረ፥ ቤተ ቀጠራዬ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ የተወለደ ሶርያዊ ነው፤ ይህም አገር ዛሬ ያች ልጅ ካለችበት ከቀጠር ምድር ጀምሮ ያለው ነው። በነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ አምስት ወር ብቻ ቈይቶ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ወጣ፤ በእርጅናው ከንባብና ከተጋድሎ ብዛት ዓይኑ ጠፋ። መጽሐፉ ወደ ጽርዕ፥ ወደ ዐረብኛ፥ ከዚያም ወደ ግእዝ ተመለሰ። ፊልክስዩስ ወንድሞች የሚጠይቁበትና አረጋዊ የሚመልስበት የጥያቄ መጽሐፍ ነው። አረጋዊ መንፈሳዊ የተባለው የዳልያታ ዮሐንስ ነው፤ በስምንተኛው ምእት ዓመት የነበረ ሲሆን ከጻፈው ብዙው መልእክት ነው። አንዱ ድርሳን፥ አንዱ ጥያቄ፥ አንዱ ደብዳቤ። የእነዚህን ሰዎች ፊት ከእኛ ወገን ያየ የለም፤ ቋንቋቸውንም የሰማ የለም። እኛ ግን በጉባኤ ቤት አንድምታቸውን ስንማር መምህሩ መጽሐፉን በእጁ ይዞ፥ ይህ ለማኅበራዊ ነው፥ ይህ ለባሕታዊ ነው፥ ይህን አንተ ገና አትንካው እያለ ያሳልፈን ነበር። መጽሐፉ ከሩቅ መጣ፤ ያካፈለን ግን በአጠገባችን የተቀመጠው መምህር ነው።

የግሪኮችንና የሩስያን ታሪክ ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ13ኛው ምእት ዓመት በአቶስ ተራራ የነበረ ኒቅፎሮስ የሚባል መነኵሴ፥ ልብን ስለ መጠበቅ ሲጽፍ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የማይስት መምህር መፈለግ እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ግን መምህር ላጣ ሰው የሚሆን መንገድ ጽፎ ይተዋል። በ1782 ፊሎቃልያ የተባለው የአበው ጽሑፍ ስብስብ በቬኒስ ታተመ። ወደ ስላቭ ቋንቋ የመለሰው ጳይስዮስ ግን መታተሙን ፈራው፤ መምህር የሌላቸው ሰዎች በእጃቸው ሲያገኙት በራሳቸው አሳብ ይስታሉ ብሎ ነው። ሆኖም በ1793 በሞስኮ ታተመ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ ማተሙም ከንቱ አልነበረም። በ1866 ሹመቱን የተወው ጳጳስ ቴዎፋን ደግሞ በቪሻ ገዳም ከ1872 ጀምሮ በሩን ዘግቶ እስከ ዕረፍቱ እስከ 1894 ድረስ ለወንዶችም ለሴቶችም በደብዳቤ ጸሎትን ያስተምር ነበር። የጋዛ ሥርዐት በሩስያ በረዶ ውስጥ ተመልሶ ቆመ ማለት ይቻላል።

ዛሬ በኢንተርኔት የሚሰጠው የጽሞና ጸሎት ትምህርት ግን ሥሩ በብዛት ከምዕራባውያን ነው፤ ስለዚህ የእነርሱን ታሪክ ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። በ14ኛው ምእት ዓመት በእንግሊዝ አገር ስሙን የሰወረ አንድ ሰው ያለማወቅ ደመና የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ፤ የጻፈለትም የ24 ዓመት ወጣት ነው። እግዚአብሔር በአእምሮ አይደረስበትም፥ በፍቅር እንጂ፤ ስለዚህ አንዲት አጭር ቃል ይዞ በዝምታ መቆም ነው ይላል። ጸሐፊው በመቅድሙ መጽሐፉን ላልተዘጋጀ ሰው እንዳያነቡለት፥ እንዳይሰጡትም በብርቱ ከልክሏል።

ያ የተከለከለ መጽሐፍ ከ600 ዓመት በኋላ ወደ ሕዝብ ወጣ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፥ በስፔንሰር፥ የቅዱስ ዮሴፍ ገዳም አለ። በ1970ዎቹ ወጣቶች ወደ ገዳሙ በር እየመጡ የቡድሃን ጽሞና የሚያስተምሩበት ቤት በየት በኩል እንደ ሆነ ይጠይቁ ነበር። አበ ምኔቱ ቶማስ ኪቲንግ በዚህ ነገር አዘነ፤ የክርስቲያን ልጆች ክርስትና የራሷ የጽሞና መንገድ እንዳላት ሳያውቁ በገዳሙ በር ያልፋሉና። በዚያ ጊዜ ዊልያም ሜኒንገር የተባለው መነኵሴ ያለማወቅ ደመናን ይዞ በ1974 ለካህናት ማስተማር ጀመረ፤ ትምህርቱም በካሴት ተቀረጸ። ቤዝል ፔኒንግተን የተባለውም በየስፍራው አስፋፋው። ሃያ ደቂቃ በቀን ሁለት ጊዜ፥ አንዲት ቅድስት ቃል፤ ያች ልጅ የነገረችኝ ይኸው ነው። ኪቲንግ በ1984 ይህን የሚያስተምር ማኅበር አቋቋመ፤ በ2018 ዐረፈ። በእንግሊዝም ጆን ሜይን የተባለ የቤኔዲክቶስ ማኅበር መነኵሴ ነበረ። እርሱ በወጣትነቱ በማላያ ከአንድ የሂንዱ መምህር ጽሞናን ተምሮ፥ ኋላ የካስያንን መጽሐፍ ሲያነብ ያንኑ የአንዲት ቃል መንገድ በአባ ይስሐቅ አፍ አገኘው። በ1975 በለንደን ሰዎችን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ፤ የእርሱም ንግግር በካሴት ተቀርጾ ከሞቱ ከ1982 በኋላ በብዙ አገር ተሰማ።

ይህን የነቀፉ አሉ። በ1989 በቫቲካን የሃይማኖት ጉዳይ ሹም የነበረው ካርዲናል ራትሲንገር ስለ ክርስቲያን ጽሞና በጻፈው ደብዳቤ፥ ማንንም በስም ሳይነቅፍ፥ የሰውነት ዕረፍትንና የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ አንድ አድርጎ መቍጠር ታላቅ ስሕተት መሆኑን አስጠነቀቀ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ልብ ጸጥ ማለቱ ጸሎት አይደለም፤ የጠገበ ሰውም ጸጥ ይላል። ነገር ግን ከሂንዱ ተማረ ብሎ የሜይንን ነገር ሁሉ መጣል ፍርድ የጎደለው ነው፤ ያሳሰበው ሌላ ቢሆንም ያገኘው የግብፅን በረሓ ነውና።

ከካሴቱ ወደ ኢንተርኔት ያለው መንገድ አጭር ነው። በ1999 የአየርላንድ ኢየሱሳውያን በኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚጸልዩበትን የዕለት ጸሎት አወጡ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ አብያተ ክርስቲያናትን ባዘጋ ጊዜ የጽሞና ጉባኤያት ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ተዛወሩ፤ እኛም ብንሆን በዚያ ዓመት ብዙ ምእመናን ትንሣኤን በየቤታቸው ተቀምጠው በቴሌቪዥን እንዳከበሩ አንርሳ። ያን ጊዜ ቅዳሴን በመስታወት ማየት ይቻላልን ብሎ የተቈጣ ካህን ጥቂት ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ትምህርቱ ቀረ፤ በገንዘብ የሚሰጡ አሉ፥ በነጻ የሚሰጡ አሉ። መምህሩ አንድ ጊዜ የተናገረው ተቀርጾ ለሺህ ሰው ይደርሳል፤ አንዳንዶቹ ፊት ለፊት እየተያዩ ደወል ተደውሎ አብረው ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ተማሪውን ከቅጂው ጋር ብቻውን ይተዉታል።

እኔ በዚህ ላይ የማስበውን ልናገር። ርቀቱ ነውር አይደለም፤ ነውር ቢሆን ጳውሎስም በርሳኑፍዮስም ቴዎፋንም በነቀፋው ውስጥ ይገቡ ነበር። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈው ጃንደረባችን በሠረገላው ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት፤ ካስተማረውና ካጠመቀውም በኋላ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ጃንደረባው ግን መምህሩን ዳግመኛ ሳያየው መጽሐፉን ይዞ ደስ ብሎት ወደ አገሩ መጣ። እንግዲህ መምህር የሚነጠቅበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ በሌላ ስፍራ ነው። ፊልጶስ ለጃንደረባው የመለሰው ጃንደረባው የጠየቀውን ነው፤ የጋዛ አረጋዊም ለእንድርያስ የጻፈው የእንድርያስን ነው። ተቀርጾ ለሺህ ሰው የሚላክ ቃል ግን ማንም ሳይጠይቀው ይመልሳል። ያች ልጅ በእኩለ ሌሊት ዝም ብላ ሳለች ፍርሃት ቢይዛት፥ ሕልም ብታይ፥ ድካሙ ቢያሳምማት፥ ሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ይህን አያውቅም፤ አራተኛው ሳምንት በቀኑ ይመጣል። ጳይስዮስ የፈራው ይህንን ነው፤ የደመናው ጸሐፊም የከለከለው ስለዚህ ነው። ትምህርቱን የሚሰጡት ሰዎች በዚህ አይወቀሱም፤ የሚችሉትን ሰጥተዋልና። የሚወቀሰው የነፍስ አባት እያለ እንደሌለ የሆነ ሰው ነው።

በኅዳር መጨረሻ ድምፄን ቀርጬ ላክሁላት። አስቀድሜ ስለ ዝምታዬ ይቅርታ ለመንኋት። ከዚያም ትምህርቱን እንዳታቋርጥ ነገርኋት፤ ነገር ግን ዳዊቱን እንዳትተው፥ ድካም በበዛባት ቀን አንድ መዝሙር ብቻ እንኳ ቢሆን ደግማ ወደ ጽሞናው እንድትገባ፤ የምትይዘውም ቃል የጌታ ስም እንዲሆን፤ በጽሞና ውስጥ ራእይ ወይም ድምፅ የመሰለ ነገር ቢመጣባት ተነሥታ ኪርያላይሶን እያለች እንድትሰግድ፥ ለእኔም ያን ዕለት እንድትነግረኝ። ኅብረት ለማየት ፈቃድ ያገኘች ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ በአቅራቢያዋ ላለ ካህን ራስዋን እንድታስታውቅ ጨምሬ ነገርኋት። በየዓርቡ ሌሊት መልእክት ትልክልኛለች፥ እኔም ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እመልሳለሁ፤ እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት አልፎናል። ስምንቱ ሳምንት ካለቀ ቈይቷል።

ያለፈው ዓርብ የላከችው ጥያቄ ይህ ነው። አባቴ፥ ዝም ብዬ ስቀመጥ እናቴን አስባለሁ፥ እንባዬም ይወርዳል፤ ይህ እንባ የጸሎት እንባ ነው ወይስ የአገር ናፍቆት? ማር ይስሐቅ ስለ እንባ ብዙ ጽፏልና ቅዳሜ ሊመልስላት የሚገባኝን እያገላበጥሁ ሁለት ቀን ተቀመጥሁ፤ ለሴት ልጅ፥ በሰው አገር ላለች፥ ለእናትዋ ለምታለቅስ የጻፈውን ግን አላገኘሁም። እርሱም ከዚያው አገር ወጥቶ ዳግመኛ እንደ ተመለሰ አላነበብሁም። መልሱን ገና አልላክሁም፤ ከዚህ ቅዳሜ ግን አላሳልፈውም።